ልዩ ልዩ

ባለፈው ፍልሰታ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ከደብረ ብርሃን መጡብን። «መጡብን» ማለቴ የአነጋገር ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ደስ ብሎን ነው የተቀበልናቸው። ዓላማቸው አዲስ አበባን ለልጆቹ ማሳየት ነው። 130 ኪሎ ሜትር ላይ እየኖሩ ልጆቹ ከመናኸሪያውና ከእኛ ሳሎን በቀር የሚያውቁት አዲስ አበባ የለም። የት እንውሰዳቸው ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ «እንጦጦ ማርያም» አለ። ወቅቱ የእመቤታችን ጾም ነው፣ ቦታው ታሪክ አለው፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክም እዚያው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ርካሽ ነው ተባለ።

ርካሽ ነው ያሉት ጋሼ ናቸው፤ የእትዬ ባለቤት። ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጡረታቸው ባለበት ቆሞ ዋጋው ብቻ ዳገት ሲወጣ እያዩ፣ ያለ ዕቅድ ከቤት የሚወጣ ሰው አይወዱም። ሰኞ ማታ ከእራት በኋላ የልጄን ደብተር አስመጡና የመሐሉን ወረቀት ገንጥለው በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩ። ትራንስፖርት 1,200፤ ምግብ 800፤ መግቢያ 300፤ ለቤተ ክርስቲያን 500፤ ልዩ ልዩ 200። ጠቅላላ 3,000 ብር፤ ግማሹ ከእነሱ፣ ግማሹ ከእኛ። ለዘጠኝ ሰው የቀን ጉዞ ማለት ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና «ጋሼ ቢሾሙ ኖሮ» አለች። ጋሼ አልሳቁም፤ እሳቸውም ሲያስቡት የኖሩት ነገር ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ «ልዩ ልዩ» የምትለዋን ቃል አስተውሉልኝ። መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው በደንብ ያውቃታል። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሁሉም ሰው ሲደክመውና ሻይ ሲያምረው የምትጻፍ ናት። ስሟ እንጂ ሥራዋ አይታወቅም። ስለ ትራንስፖርት አርባ ደቂቃ ተከራክረናል፤ ስለ ልዩ ልዩ የተናገረ ሰው የለም።

የትራንስፖርቱ ክርክር እንዲህ ነበር። እኔ ለዘጠኝ ሰው ኮንትራት ይሻላል አልኩ። የሰፈራችን ባለ ሚኒባስ ከሳሪስ እንጦጦ ደርሶ መልስ፣ መጠበቂያውን ጨምሮ 3,000 ብር ብሏል። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሙሉ በጀቱን ለጎማ?» በታክሲ ብንሄድ ከሳሪስ ስታዲየም፣ ከስታዲየም አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ፤ ደርሶ መልስ 1,200 ብር። ቁጠባው 1,800 ብር መሆኑን አስልተው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ባለቤቴና እትዬ «ሽሮ ሜዳ» የሚለውን ሲሰሙ መተያየታቸውን ያኔ አላስተዋልኩም።

ስሌቱ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ። ዘጠኝ ሰው ነን ወይስ ስምንት? የጋሼ የመጨረሻ ልጅ፣ ማሙሽ የምንለው፣ ስምንት ዓመቱ ነው። ጋሼ ግን ለታክሲ አምስት ዓመቱ ነው ብለው ወሰኑ፤ እናቱ ታቅፈውት ይሄዳሉ። የምግቡ ነገር ሲነሣ ደግሞ እንደገና ስምንት ዓመት ሆነ፤ ሰባት ካለፈ ይጾማላ! ሐሙስ እንድንሄድ የተወሰነውም በዚሁ ስሌት ነው። ቅዳሜ ብንሄድ ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ የጾም ምግብ መብላት ይቻላል። በሥራ ቀን ከሄድን ግን ቅዳሴ እስኪወጣ ማንም «ራበኝ» አይልም፤ በርገርና ፒዛ የሚባል ጣጣም የለም። ጾሙን ለነፍስ ብቻ የሚጾም የዋህ ነው። ጋሼ ፍልሰታን ለነፍስም ለኪስም ጾሙት። እኔና ባለቤቴ ግን ለዚህ ቁጠባ ስንል ከዓመት ፈቃዳችን አንዳንድ ቀን አቃጠልን፤ ያም ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። የምሳ ዕቃው የጾም ፍርፍር ሞልቶ በፌስታል ተቋጥሯል። እትዬ ከደብረ ብርሃን ያመጡት የገብስ ቆሎ አለ፤ ሁለት ፔርሙስ ሻይና በሃይላንድ የተቀዳ የቧንቧ ውኃም ይዘናል። ሰልፉ፣ ሽሚያው፣ አራት ኪሎ ላይ ከመሐላችን ሁለት ልጆች ሌላ ታክሲ ውስጥ መግባታቸው ይቅር። ማሙሽ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ እግሩ ወለሉ ላይ ተንፈራጥጧል። ረዳቱ ሒሳብ ሊሰበስብ ሲመጣ ቆም ብሎ አየው። «የዚህ ሰውዬስ ሒሳብ?» አለ። እትዬ «ኧረ ሕፃን ነው!» ሲሉ ማሙሽ በወፍራም ድምፅ «ሦስተኛ ክፍል ነኝ» አለ። ታክሲው በሙሉ ሣቀ። ጋሼ ከኋላ ወንበር ሆነው በመስኮቱ የስድስት ኪሎን ሐውልት በጥሞና ይመለከቱ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ደረስን።

ሽሮ ሜዳን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ሥር ያለ የአገር ልብስ ገበያ ነው። መንገዱን ይዞ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደርድሯል። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ በር ላይ ተሰቅሎ በነፋስ ይውለበለባል። የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበብ ስሙን ያገነነው ሰፈር ነው። ወደ እንጦጦ የሚሄደው ታክሲ ተራው እስኪደርስ ሰው የግድ ይቆማል። የቆመ ሰው ያያል፤ ያየ ሰው ይጠይቃል።

«አሥር ደቂቃ ብቻ» አለች ባለቤቴ። «ማየት አያስከፍልም» አሉ እትዬ። ባለሱቋም ቃል በቃል ይህንኑ አለች፤ «ግቡ እናቴ፣ ይዩ ብቻ፣ ማየት በነጻ ነው!»

እትዬ ቦርሳቸው ውስጥ አዲስ የሚባል ነጠላ አለ። እኔ ራሴ ጠዋት ሲያጣጥፉት አይቻለሁ። ቀሚስም ቢሆን የለበሱት የአገር ልብስ ነው። ግን አንዱ ቀሚስ ላይ ዐይናቸው አረፈ፤ ነጭ ፈትል ነው፣ ደረቱ ላይ ወርቃማና አረንጓዴ ጥለት የወረደበት። እጃቸውን በጨርቁ ላይ አሳለፉ። የሴት እጅ ጨርቅ ላይ እንዲያ ከቀረ በኋላ በጀት የሚባል ነገር አይሠራም።

«ስንት ነው?»

«ለሌላ ሰው ሰባት ሺህ ነው። ለእርስዎ ስድስት ልበል።»

«ሦስት።»

«ውይ እናቴ! ጥለቱንም አያወጣም!»

እትዬ ወጡ። ባለሱቋ ጠራቻቸው። ተመለሱ። እንደገና ወጡ። ይህ ሥርዓት ነው፤ ያለ እሱ የተገዛ ልብስ አካል ላይ አይሞቅም። በሦስተኛው መመለስ 4,800 ብር ላይ ተቆረጠ። እትዬ የጡት መያዣቸው ውስጥ ያለውን መሐረብ ሊፈቱ ሲሉ ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ በቴሌብር ከፈለች። «እኔ እያለሁ!» አለች። ከስልክ የሚወጣ ብር ብር አይመስልም። ከመሐረብ የሚወጣ መቶ ብር ሲቆጠር እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ግን ድምፁን አጥፍቶ በአውራ ጣት ሄደ። እትዬም ተሸንፈው አይቀሩም። «አንቺ ከፍለሽልኝማ ባዶ እጅሽን አትሄጂም» ብለው ለባለቤቴ 1,500 ብር የሚያወጣ ነጠላ ገዙ። ባለቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ስንት ነጠላ እንዳላት አልነግራችሁም፤ ቤቴ ሰላም ይደር።

ታክሲ ለመቀየር ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። 1,800 ብር ለመቆጠብ ብለን የቆምንበት ቦታ 6,300 ብር ወሰደ። ጋሼ ይህን ሁሉ ጊዜ ውጭ ሆነው ልጆቹ ሽሮ ሜዳ ላይ ሻሜታ እንዳይጠይቁ ሲጠብቁ ነበር። ሲነገራቸው ለአፍታ ዝም አሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን አወጡና «በየትኛው ርዕስ እንያዘው?» አሉ። ሰው ሁሉ ዝም ሲል ልዩ ልዩ ላይ ጻፉት።

እንጦጦ ላይ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሐል እየወጣ ነበር። ካፊያ አለ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ጋሼ ኮሌታቸውን አቁመው ዙሪያውን ካዩ በኋላ «እዚህም ይበርዳል» አሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቃት በብርድ ልብሷ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እንግዶቻችን በብርድ አገር ቆይተው፣ አራት ታክሲ ቀይረው፣ የባሰ ብርድ ለማየት መጡ። ባሕር ዛፉም ቢሆን ደጃቸው ላይ ሞልቷል። ደግነቱ በዚህ ብቻቸውን አይደሉም። ብርዱና የማገዶ እጦቱ ያስመረራቸው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከዚህ ጋራ ወርደው ነው ፍል ውኃ አጠገብ የሰፈሩት፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላትም እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እነሱ ሸሽተው የወረዱትን ዳገት እኛ ከፍለን ወጣነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የነበርንበት ሰዓት የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነበር። ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፣ ቅዳሴው ይሰማል፣ ማሙሽ እንኳ ፀጥ ብሏል። ለቤተ ክርስቲያን የተያዘው 500 ብር ለጧፍና ለየኔ ቢጤዎች ሄደ። ጋሼ ዝርዝሩን ያገኙት በር ላይ ካለ ዘርዛሪ ነው፤ ለመቶ ብር ዘጠና ሰጥቷቸው ምጽዋቱም አሥር በመቶ ኮሚሽን ተቆርጦበታል። ቢሆንም በቀኑ መጨረሻ ከበጀቱ ሳይወጣና ሳይወርድ ልክ ላይ የተገኘው ይህ ርዕስ ብቻ ነው።

ከዚያ ሙዚየሙ በር ላይ ደረስን። የነገሥታቱ አልባሳት፣ ዘውዱ፣ ንዋያተ ቅድሳቱ ያለው እዚያ ነው። ወረቀታችን ላይ «መግቢያ 300» ተብሎ ተጽፏል፤ ብሩም በኪሳችን አለ። ጋሼ የትኬቱን መስኮት አይተው ቆሙ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩትን ታሪክ ከፍዬ ልይ?»

ተከራከርኩ፣ አልሆነም። «እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉ። ልጆቹን በካፊያው ውስጥ አሰልፈው ማስተማር ጀመሩ። እውነት ለመናገር ግሩም መምህር ናቸው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ መጫናቸውን ነገሯቸው። የቤተ መንግሥቱን ቤት ከሩቁ አሳዩአቸው፤ የጭቃና የእንጨት ግድግዳ፣ ኖራ የተቀባ። ልጄ «ይሄ ነው ቤተ መንግሥቱ?» አለች፤ የኛ ሠፈር የቀበሌ ቤት መስሏታል። ጋሼ ተናደዱ። እዚህ ጭቃ ቤት ውስጥ ያደሩት ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያኗ በ1880 ዓ.ም. ስትመረቅ ጣይቱ ባዘጋጁት ግብር ሕዝቡን ለቀናት ጮማ አስቆረጡት፣ ጠጅ አጠጡት ብለው አስረዱ። የሰማሁት ነገር ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ሲያሳስበኝ የነበረውን ፈታልኝ። እኛ አዲስ ነገር አላመጣንም። ሌሊት ብቻችንን የምንተኛበት ቤት በጭቃ ይሠራል፤ ሰው የሚያየው ነገር ግን ሰንጋ ይወድቅለታል። ከዚያ ግብር በኋላ ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገብቶ አገሩን ክፉ ቀን ሲያገኘው ስለ ድግሱ ምን እንደተባለ ጋሼን ልጠይቃቸው ብዬ ተውኩት፤ ዝናቡ በርትቶ ነበር።

አንድ ሌላ ቤተሰብ ከሙዚየሙ ሲወጣ ልጃቸው ስለ ዘውዱ እየለፈለፈ አለፈ። ማሙሽ አንገቱን አዙሮ እስኪጠፉ ድረስ አያቸው።

ከመንገዱ ዳር ፈረስ የሚያከራዩ ልጆች አሉ። ልብ በሉ፣ የጋሼ ልጆች ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው፤ ሰሜን ሸዋ የፈረስ አገር ነው። አጎታቸው ሁለት ፈረስ አለው፤ ባለፈው ፋሲካ በነጻ ሲጋልቡ የተነሡት ፎቶ በስልካችን ደርሶናል። ነገር ግን ፈረሱ ላይ ቀይ ጥልፍ ያለው ዕቃ ተጭኗል፣ ግንባሩ ላይ አበባ ተደርጓል። ሦስቱም አለቀሱ። አንድ ዙር ለአንድ ሰው 200 ብር። ጋሼ «ልጆች ናቸው፣ ምን ይደረግ» ብለው ሙዚየም ባስቀረው አፋቸው ፈረስ ፈቀዱ። ባለፈረሱ «ትንሹ ካለ ረዳት አይወጣም» ሲል ማሙሽ ወዲያው አሥር ዓመት ሆነ፤ አሥር ዓመቱ ነው ያሉት ራሳቸው አባቱ ናቸው። ሁለተኛ ዙርም ደገመ። 800 ብር፤ ልዩ ልዩ።

በዚህ መሐል አንዲት እናት ከወገባቸው ጎብጠው ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ዳገቱን ይወርዱ ነበር። ለፈረሱ መንገድ ለቀቁ። ከታክሲው ሰልፍ አጠገብ ሲደርሱም አላዩትም፤ በእግራቸው ወረዱ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ፍርፍሩን ልንበላ ቦታ ስንፈልግ ሣሩ ረጥቧል፣ መቀመጫ የለም። ካፌ ገባን። ከመግባታችን በፊት ጋሼ ልጆቹን በር ላይ አቁመው መመሪያ ሰጡ፤ «ሁላችሁም የሚያምራችሁ ሻይ ነው።» ፔርሙሶቹ ጠረጴዛ ሥር ተደበቁ። ሁለት ፔርሙስ ሙሉ ትኩስ ሻይ እግራችን ሥር አስቀምጠን ዘጠኝ ሻይ አዘዝን። ከዚያ አስተናጋጇ የጾም ኬክ አለ አለች። መመሪያው ስለ ኬክ የሚለው ነገር አልነበረም።

ሒሳቡ መጣ፤ 1,450 ብር። ከዚህ በኋላ የሆነውን ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለታችንም ወረቀቷ ላይ ዘለልን።

«ጋሼ ይተዉ!»

«አንተ ቤትህ አሳድረኸን? በጭራሽ!»

«እንግዳ አይደሉም እንዴ?»

«ሞቼ ነው ቆሜ?»

ጠዋት ስለ አንድ የታክሲ ወንበር ልጃቸውን ያሳነሱ ሰውዬ፣ እኔም ሰኞ ማታ 1,500 ብሬን ሳዋጣ ፊቴ የጠቆረ ሰውዬ፣ 1,450 ብር ለመክፈል ክርናችን ተጋጨ። አስተናጋጇ ለምዳዋለች፤ ትሪዋን አቅፋ አሸናፊውን ጠበቀች። ጋሼ አሸነፉ። አሸንፈው ሲቀመጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ቀኑን ሙሉ አላየሁትም፤ ጉልበታቸው ግን ጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ቢሆን ዕዳ ተሸክሜ አልቀርም፤ ስንወጣ ማሙሽን ጠርቼ ሁለት መቶ ብር ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ጋሼ አይተው ለልጄ ሁለት መቶ ሰጡ። ባለቤቴ ለሁለተኛው ልጃቸው ሁለት መቶ ሰጠች። እትዬ ለሁለተኛው ልጃችን ሁለት መቶ ሰጡ። አራት መቶ ወጥቶ አራት መቶ ገባ፤ አራቱም ልጆች ግን ሀብታም ሆነው ዋሉ።

ስንወጣ መሽቷል፣ ዶፍ ወርዷል። የታክሲው ሰልፍ እባብ ሆኗል። ሁለት ፌስታል አዲስ ልብስ፣ ያልተነካ ፍርፍር፣ ያልተነካ ሻይ፣ የደከሙ አምስት ልጆች ይዘን ቆምን። ጋሼ ሰልፉን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ የእትዬን ፌስታል አዩ። ከዚያ ራሳቸው እጃቸውን አንሥተው አንድ ሚኒባስ አስቆሙ። እስከ ሳሪስ ኮንትራት፤ 2,000 ብር።

ማታ ፍርፍሩን አሙቀን እየበላን ወረቀቱ እንደገና ወጣ። ጋሼ ደመሩ። ትራንስፖርት፦ ከተያዘው 1,200 ብር ጥቅም ላይ የዋለው 600፣ ተራፊ 600። የመልሱ ኮንትራት ባልታቀደ ወጪነቱ ወደ ልዩ ልዩ ተዛውሯል። መግቢያ፦ የተያዘው 300፣ ጥቅም ላይ የዋለ የለም፣ ተራፊ 300። ልዩ ልዩ፦ የተያዘው 200፣ ጥቅም ላይ የዋለው 10,550። እስክሪብቷቸውን ከደኑና «ከመደበኛ በጀት 900 ብር ተርፏል» ብለው አስታወቁ። ቀና ብለው ሲያዩን ከባድ ኃላፊነት የተወጣ ሰው ፊት ነበራቸው። እኛም አጨበጨብን፤ ምን እንላለን?

ማሙሽ ሊተኛ ሲል ወደ እኔ መጥቶ «አጎቴ፣ ዘውዱ ግን ምን ይመስላል?» አለኝ። አላየሁትም። ከሙዚየሙ በር በአምስት እርምጃ ርቀት ቆሜ፣ ለመግቢያ የተመደበ ብር ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ አላየሁትም።

እናም ከሳሪስም ሆነ ከደብረ ብርሃን እንጦጦ ማርያም ልትወጡ የምታስቡ ሁሉ፣ በእግዜር ሽሮ ሜዳ ላይ ታክሲ አትቀይሩ። ከቤታችሁ በር ኮንትራት ያዙ።